የድሮ ቪዲዮ ካሴትን ወደ ዲጂታል ፋይል መገልበጥ

በብዙ ቤት ከቁም ሳጥን አናት ላይ በፌስታል የተጠቀለለ የሰርግ ካሴት አለ። ማጫወቻው ዴክ ግን የለም። ወይ ተበላሽቶ ተጥሏል፣ ወይ ማን እንደተዋሰው ተረስቷል። ካሴት መገልበጥ የሚባለው ሥራ ይህን ክር በደህና ዴክ አጫውቶ፣ የሚወጣውን ምስልና ድምፅ በኮምፒውተር ፋይል አድርጎ ማስቀረት ነው። አቋራጭ የለውም። የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

በየቤቱ በብዛት የሚገኘው ቪኤችኤስ ነው። የጃፓኑ ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ አቀረበው። የሶኒ ቤታማክስ በአንድ ዓመት ቢቀድመውም ገበያውን ቪኤችኤስ ወሰደው። ከዚያ ትንንሾቹ የካሜራ ካሴቶች መጡ፤ ቪዲዮ ኤይት በ1985፣ ሃይ ኤይት በ1989፣ ሚኒ ዲቪ በ1995። ሚኒ ዲቪ ከሁሉም ይለያል። በክሩ ላይ ያለው ቀድሞውንም ዲጂታል ስለሆነ በፋየርዋየር ገመድ እንዳለ ይቀዳል፣ ጥራቱ አይጎድልም። የሌሎቹ አናሎግ ነው፤ በተቀዳ ቁጥር ይደበዝዛል።

ይህ ለሰርግ ካሴት ትልቅ ነገር ነው። ካሜራማኑ ቀረጻውን ከአንዱ ዴክ ወደ ሌላው እየቀዳ ያቀናብር ነበር። ሙሽሮቹን በልብ ቅርጽ ውስጥ የሚያስገባውም፣ የሽማግሌዎቹን ምርቃት በዘፈን የሚሸፍነውም ያኔ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ እጅ የሚደርሰው ቅጂ ነው። ለአክስት የተላከው ደግሞ የቅጂው ቅጂ። ሥራ ከመጀመር በፊት ዘመድ አዝማዱን ጠይቆ የመጀመሪያውን ካሴት መፈለግ ያዋጣል።

የቪኤችኤስ ክር 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስስ ፕላስቲክ ነው። ላዩ ላይ የማግኔት ብናኝ በማጣበቂያ ተለብጧል። ዘመን ሲቆጠር ማጣበቂያው እርጥበት እየሳበ ይላላል። ክረምት የሚያፈስ መጋዘን ውስጥ የከረመ ካሴት ሻጋታ ያበቅላል፤ በካሴቱ መስኮት በኩል ነጭ ዱቄት መስሎ ይታያል። እንዲህ ያለውን ካሴት ዴክ ውስጥ መክተት ዴኩንም ቀጥሎ የሚገባውን ካሴትም መበከል ነው። ለባለሙያ ይተው።

ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 የማስጠንቀቂያ ዘመቻ ከፍተው ነበር። በቴፕ ላይ ያለ ነገር እስከ 2025 ካልተገለበጠ ብዙው ሊጠፋ ይችላል የሚል ነው። ያ ዓመት መጥቶ ሄደ፣ ካሴቶቹም በአንድ ሌሊት አልሞቱም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከክሩ ይልቅ የሚያሰጋው ዴኩ ነው። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነው። ዛሬ ያለው ሁሉ ያገለገለ ነው። አንዱ የሚጠገነው ሌላው ተፈትቶ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የአገር ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ፓል በሚባለው ስልት ይሠራ ነበር፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። እስራኤል፣ ጀርመን፣ ዱባይና ኩዌትም እንዲሁ። አሜሪካና ካናዳ ግን ኤንቲኤስሲ በሚባለው ነበሩ፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ 30 ገደማ። የካሴቱ ቀፎ አንድ ዓይነት ስለሆነ በዓይን አይለይም። ከዋሽንግተን የመጣን የልደት ካሴት ለፓል ብቻ የተሠራ ዴክ ውስጥ የከተተ ሰው የሚያየው የሚንከባለል፣ ቀለም የሌለው ምስል ነው። ተበላሽቷል ተብሎ የተጣለ ስንት ደህና ካሴት ይኖራል! ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ አለ፤ መፈለግ ያለበትም እሱ ነው።

ዴኩ ከተገኘ በኋላ ያለው ቀላል ነው። መጀመሪያ በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ መስበር፤ ከዚያ ወዲያ በስህተት ቀዩ የመቅረጫ ቁልፍ ቢነካም ምንም አይጠፋም። በስኮች ከተሸፈነች ስኮቹን መላጥ። ለዓመታት ያልተነካ ክር እስከ መጨረሻው ተጠንጥኖ ይመለሳል፣ እንዳይጣበቅ። ክሩን የሚያነበው የዴኩ ሄድ በአልኮል ይጠረጋል፤ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ግን አይሁን፣ ጥጡ ሄዱ ላይ ይጠመጠማል። ከዚያ ዴኩ በቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ፣ ከተቻለ ምስሉ በኤስ ቪዲዮ፣ ምስሉን ወደ ዲጂታል ከሚለውጠው መቅጃ ዕቃ ጋር ይያያዛል፣ እሱም ከላፕቶፕ ጋር። ክሩ ሲያረጅ ምስሉ ይወዛወዛል፣ አናቱ ላይ ይጣመማል። ይህን የሚያቃና ቲቢሲ የሚባል መሣሪያ አለ፤ አንዳንድ ውድ ዴኮች ውስጣቸው ይዘውት ይመጣሉ።

ብዙ ገልባጭ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካሴት እያንዳንዱን ምስል ለሁለት ከፍሎ ነው የሚይዘው፣ ጎዶሎ መስመሮችን ለብቻ፣ ሙሉ መስመሮችን ለብቻ። በፓል በሰከንድ 50 ግማሾች ማለት ነው። በኮምፒውተር ዝም ብለው ከተደራረቡ የሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዙ የማበጠሪያ ጥርስ ያወጣል። እስክስታ ላይ ያስታውቃል፤ ትከሻው ሲመታ ሰውዬው የተሰነጣጠቀ ይመስላል። አንዳንዱ ይህን ለማጥፋት ግማሹን ይጥልና በ25 ያስቀረዋል። ያኔ ጥርሱ ይጠፋል፣ እስክስታውም ይንገዳገዳል። ትክክለኛው 50ውንም ወደ ሙሉ ምስል መለወጥ ነው። ምስሉን ለሰፊው ቴሌቪዥን ብሎ ወደ ጎን መለጠጥም ሌላ ጥፋት ነው፤ ቀጭኗ ሙሽራ ያለ ኃጢአቷ ትወፍራለች።

ለማስቀመጫ የሚሆነው ያልተጨመቀ ወይም ሳይጎድል የተጨመቀ ፋይል ነው። ከእነዚህ ይልቅ በተጨመቀው የዲቪ ዓይነት ቢያዝ እንኳ አንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ለማየትና ለመላክ ከዚያ ላይ ትንሽ ኤምፒፎር ይወጣል። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ አለበለዚያ እንደገና ይጨመቃል። ድሮ ወደ ቪሲዲ አስገልብጠን ጨርሰናል የሚሉ ሰዎችም ካሴቱ ካለ ድጋሚ ቢያስቡበት ጥሩ ነው። የፓል ቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው፤ ካሴቱ ከያዘው ብዙው ቀርቷል። ካሴቱም ከተገለበጠ በኋላ አይጣልም። ዛሬ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ከዴኩ ሄድ ላይ ጥሬውን ሞገድ ወስደው ምስሉን በሶፍትዌር ያወጡታል፤ ውጤታቸውም እየተሻሻለ ነው።

የቀረው የፋይል ስም ነው፤ ለእኛ ደግሞ ይህ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ካሜራው ጥግ ላይ የሚጽፈው ቀን የፈረንጅ ነው። በካሴቱ ጀርባ በእስክርቢቶ የተጻፈው የሐበሻ። በእኛ ቤት ሰርጉ ከምስሉ ላይ ታይቶ «1994» ተባለ፣ የእኔ ክርስትና ከካሴቱ ጀርባ ተነብቦ «1989»። ላፕቶፑ በተርታ ሲደረድራቸው ክርስትናዬ ከወላጆቼ ሰርግ አምስት ዓመት ቀደመ። እናቴ ስሙ እስኪስተካከል ድረስ ፎልደሩን ለእንግዳ እንዳንከፍት ከልክላለች።