ስለ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለውና እውነታው፦ ከጣና ዳር

ኦፕቲማይዜሽን ባጭሩ ይህ ነው፦ ምን እንደምትወስኑ፣ ምን እንደምትፈልጉና የቱን ገደብ እንደማታልፉ በሂሳብ ትጽፋላችሁ፤ ይህ ሞዴል ይባላል። ከዚያ ኮምፒውተሩ የተሻለውን ውሳኔ ይፈልጋል። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ባነሳሁ ቁጥር የሚመለሱልኝ አባባሎች አሉ።

«ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሹፌሩ መንገዱን ያውቀዋል»

መንገዱንማ ያውቀዋል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ለ10 ሱቆች ለስላሳ የሚያደርስ አይሱዙ በ3,628,800 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊዞር ይችላል። ሱቆቹ 15 ሲሆኑ ቁጥሩ ከ1.3 ትሪሊዮን ይበልጣል። «አባይ ማዶን በአንዴ ጨርስ» የሚለው የሹፌሩ ብልሃት ትክክል ነው። ግን አንዱ ሱቅ ከ4 ሰዓት በፊት አይከፍትም፣ ሌላው ባዶ ሳጥን ይመልሳል፣ መኪናውም ልኩ አለው። ይህ ሁሉ ሲደራረብ በጭንቅላት መያዝ ይከብዳል። ሹፌሩ የሚያውቀውም ሞዴሉ ውስጥ መግባት አለበት። ያለ እሱ የተሠራ ሞዴል ወረቀት ላይ ብቻ ያምራል።

«ኮምፒውተሩ ሁሉንም እየሞከረ ነው»

አይደለም። የማይረቡትን በጅምላ ይጥላል። አሜሪካዊው የሂሳብ ሊቅ ጆርጅ ዳንዚግ በ1947 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲምፕሌክስ የተባለው ዘዴም ከአንድ መልስ ወደተሻለው እየተሻገረ ይሄዳል እንጂ ሁሉንም አይቆጥርም።

«ሂሳብ ያወጣው አይሳሳትም»

ይህኛው ያስቀኛል። ዳንዚግ ራሱ ክብደት ለመቀነስ ብሎ የምግብ ዝርዝር በኮምፒውተር አሠርቶ ነበር። መልሱ 500 ጋሎን አቼቶ ጠጣ የሚል ሆነ! ምክንያቱ ቀላል ነው። እንዲያጠግበው ብሎ ግቡን ከውሃው ውጪ ያለው የምግብ ክብደት እንዲበዛ አድርጎ ነበር፤ የገባው መረጃ ደግሞ አቼቶ ውስጥ ውሃ እንደሌለ ይቆጥር ነበር። አቼቶው ሲወጣ ደግሞ በቀን 200 የሾርባ ኩብ አዘዘለት። ገደብ አልተጻፈማ።

እኛም ጋ ያው ነው። የወተት ላም የምታረቡ ሰዎች ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና አተላ በትንሹ ወጪ ለማደባለቅ ሞዴል ብትሠሩ፣ አተላውን እንደ ደረቅ መኖ ከመዘገባችሁት ላሟን በአተላ ያጥለቀልቃታል። አተላ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሞዴሉ ግን ይህን የሚያውቀው ከነገራችሁት ብቻ ነው።

«ምርጡ መልስ አንድ ነው»

ለማን ምርጥ? የጣናን ውሃ እንይ። በ2010 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የበለስ ኃይል ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ይወስዳል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ባሉት የጨረጨራ በሮች የሚለቀቀው ደግሞ በአባይ ወርዶ ወደ ጢስ አባይ ይሄዳል፤ እዚያ ሁለተኛው ጣቢያ 73 ሜጋ ዋት፣ ፏፏቴውም አለ። ወደ ዘጌ፣ ደቅና ጎርጎራ የሚሄዱ ጀልባዎች የሐይቁ ከፍታ እንዳይወርድ ይፈልጋሉ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲወርድ መርከቦቹ መሥራት አቅቷቸው ነበር። ውሃው ሲሸሽ ዳሩን የሚያርሰው ገበሬ ደግሞ ቢወርድ አይከፋውም።

ግባችሁ ኤሌክትሪክ ብቻ ከሆነ ሞዴሉ ውሃውን ወደ በለስ ይገፋዋል። እዚያ የሚወድቅበት ከፍታ በብዙ ይበልጣላ። ፏፏቴው ይደርቃል። ጠልቶት አይደለም፤ ፏፏቴ እንደምንወድ አልነገርነውም። «ወደ ጢስ አባይ ቢያንስ ይህን ያህል ይለቀቅ» ብላችሁ ስትጽፉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ሞዴሉ አንድ ሜትር ኩብ ስትጨምሩ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደምታጡም ይነግራችኋል። በእኔ እይታ ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው። ክርክሩን አያስቀርም፤ ተከራካሪዎቹ ግን በቁጥር እንዲነጋገሩ ያደርጋል።

«‹መፍትሔ የለም› ካለ ተበላሽቷል»

ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ለሁሉም ቃል የገባችሁት ውሃ ካለው ውሃ በልጧል ማለት ነው። ይህን በጋ ሳይገባ ማወቅ ይሻላል።

«ውድ ሶፍትዌር ይፈልጋል»

ለላሟ መኖ ኤክሴል ውስጥ ያለው ሶልቨር ይበቃል። እስከ 200 ውሳኔዎች ይቀበላል። የ15 ሱቆች ዙር ግን በተለመደው አጻጻፍ መጋዘኑን ጨምሮ 240 ውሳኔ ስለሚጠይቅ አይችለውም። ለዚያ የጉግል ኦአር ቱልስ አለ፤ በነፃ ነው፣ ትንሽ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) መቻል ብቻ ይጠይቃል።