ስለ ዝንብ እጭ አካሄድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጠጅ በተቀመጠበት ወይም የበሰለ ሙዝ ባደረበት ቤት የምታንዣብበው ቀይ ዓይን ያላት ትንሽ ዝንብ ድሮሶፊላ ትባላለች። ተመራማሪዎች ከ100 ዓመት በላይ አጥንተዋታል። ስለ እሷ፣ ከእንቁላሏ ስለሚፈለፈለው ትል መሳይ እጭ አካሄድና ስለ ነርቮቹ ሲወራ ግን ደጋግመው የሚያጋጥሙኝ ስህተቶች አሉ።

«ማንጎ የምታተላው እሷ ናት።» አይደለችም። ማንጎ ውስጥ እንቁላል ጥላ ገበሬውን የምታከስረው ዝንብ ከሌላ ቤተሰብ ናት፤ በአካልም ትበልጣለች። ድሮሶፊላ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ የምትፈልገውም የበሰበሰና የፈላ ፍሬ ነው።

«የአዮን ቻናል በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለ ቀዳዳ ነው።» ዘበኛ ያለው በር ቢባል ይቀርባል፤ በእሱ የሚያልፉት አዮኖች እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች ናቸው፤ ነርቮችም መልእክት የሚልኩት በእነዚህ በሮች ነው። ከፕሮቲን የተሠራ ነው፤ አንዱ ሽፋኑ ሲወጠር፣ ሌላው ሲሞቅ፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ቮልቴጁ ሲለወጥ ይከፈታል። የሚያሳልፈውንም ይመርጣል። የፖታሲየም ቻናል ፖታሲየምን አሳልፎ፣ በመጠን ከእሱ የሚያንሰውን ሶዲየም ይመልሳል። ቀዳዳ እንዲህ አያደርግም።

«እንቅስቃሴን የሚያዝዘው አንጎል ነው፤ የስሜት ነርቮች ወሬ ከማቀበል አያልፉም።» ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ስህተት ነው። የድሮሶፊላን እጭ በአጉሊ መነጽር ሥር ሲድህ ተመልከቱት። መጀመሪያ ጭራው አጠገብ ያለው የሰውነቱ ቀለበት ይኮማተራል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያም ሌላው፤ ማዕበሉ ራሱ ጋ ሲደርስ አንድ እርምጃ ተራምዷል። በየቀለበቱ ቆዳ ሥር ቅርንጫፋቸውን የዘረጉ ነርቮች አሉ። ቆዳው ሲታጠፍ ቅርንጫፎቹም አብረው ይታጠፋሉ፤ ለዚህ እጥፋት ምላሽ የሚሰጡ እንደ ኖምፕሲ ያሉ ቻናሎች ይከፈታሉ፤ ነርቩም መልእክቱን ይልካል። ግንባታ ላይ ጡብ የሚቀባበሉ ሠራተኞችን አስቡ፤ ተቀባዩ «ያዝኩ» ሲል ነው አቀባዩ እጁን የሚለቀው። የእጩም ነርቮች ለማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት «እዚህ ተኮማትሯል፣ ወደሚቀጥለው እለፍ» እንደሚሉ በ2007 የታተመ ጥናት ሐሳብ አቅርቧል። እነዚህን ነርቮች ዝም ሲያሰኟቸው እጩ መዳሁን አያቆምም፤ ማዕበሉ ግን ይንቀረፈፋል። ስለዚህ ስልቱ ከውስጥ ቢመጣም ፍጥነቱ የሚወሰነው ከቆዳው በሚመጣው መልስ ጭምር ነው።

«ቻናል ሲጎድል እንቅስቃሴ ይደክማል።» ሁልጊዜ አይደለም። በ2003 ተመራማሪዎች ፒክፖኬት የተባለውን ቻናል ያጡ እጮች ተመለከቱ (ስሙ ኪስ አውላቂ ማለት ነው፤ የዝንብ ጂን አጥኚዎች ስም ሲያወጡ መቀለድ ይወዳሉ)። ጤነኛ እጭ ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ራሱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፣ ይታጠፋል። ቻናሉ የጎደለው እጭ ግን እምብዛም ሳይቆምና ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የቻናሉ አንዱ ሥራ ጉዞውን ማቋረጥ ነበር ማለት ነው። ልጓም የሆኑ የፖታሲየም ቻናሎችም አሉ። ጉዳት በሚያውቁት ነርቮች ውስጥ በካልሲየም የሚነቃ አንድ የፖታሲየም ቻናል አለ፤ እሱ ሲጎድል እጩ ለሙቀት ከልክ በላይ ይደነግጣል።

«ፔይንለስ የተባለው ጂን ሕመምን ያጠፋል።» ስሙ «ሕመም የለሽ» ማለት ስለሆነ አንባቢ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ዝንብ ላይ ግን ብዙ ጂኖች ስም የሚወጣላቸው ሲበላሹ በሚታየው ነገር ነው። ጤነኛ እጭን 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ ዘንግ ሲነኩት ወዲያውኑ በጎኑ እየተሽከረከረ ይንከባለላል፤ ሰውነቱን ወግታ እንቁላል ልትጥልበት የምትመጣ ተርብ ስትወጋውም የሚያመልጠው በዚሁ መንገድ ነው። የፔይንለስ ጂኑ የተበላሸበት እጭ ግን ዘንጉ ሲነካው መንከባለሉን ያዘገያል። ጂኑ ጤነኛ ሲሆን ሕመምን ያሳውቃል እንጂ አያጠፋም። ብቻውንም አይሠራም። ለኃይለኛ ንክኪ ፒክፖኬትና ፒየዞ የሚባሉ ቻናሎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ በ2012 እንደታየው፣ ሁለቱም ሲዳከሙ እጩ ለኃይለኛ ንክኪ ምላሽ መስጠቱን ከሞላ ጎደል ይተዋል።

«ይህ ሁሉ የዝንብ ጉዳይ ነው።» የፒየዞ ቻናሎችን ያገኘው የአርደም ፓታፑቲያን ቡድን ነው፤ ግኝቱ በ2010 የታተመው ከአይጥ ሕዋሳት ተነሥቶ ሲሆን፣ በ2021 ፓታፑቲያን የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በእኛም ሰውነት ውስጥ «ፒየዞ 2» የሚባለው ቻናል አለ። በ2016 የዚህ ቻናል ጂን የማይሠራላቸው ሁለት ሕመምተኞች በአሜሪካ ተጠንተው ነበር። ዓይናቸው ክፍት ሳለ በእይታቸው እየታገዙ ይራመዳሉ፤ ዓይናቸው ሲሸፈን ግን መገጣጠሚያቸው ወደ ላይ ይታጠፍ ወደ ታች መለየት አቃታቸው፤ ለመራመድ ሲሞክሩም ተንገዳገዱ፣ እንዳይወድቁም የሚደግፋቸው ሰው አስፈለጋቸው።