መለኮታዊ ንግሥና ምንድን ነው?

በጥንት ዘመን ሕዝቡ ንጉሡን አምላክ ነው ብሎ ያመልክ ነበር፣ ሐውልት ቀራጩና ሠዓሊውም ይህን ውሸት ለማሰራጨት ይቀጠሩ ነበር የሚለውን አባባል ከጋዜጣ አምድም ከሬዲዮ ውይይትም መስማት ሰልችቶኛል። በቅርቡ ደግሞ አንድ ተንታኝ ግብፅን፣ መስጴጦምያንና አክሱምን በአንድ ከረጢት ከትቶ «መለኮታዊ ንግሥና ይሉታል» ብሎ ሲያልፍ ዝም ማለት አቃተኝ።

መለኮታዊ ንግሥና ማለት ንጉሥነት ከአማልክት የተሰጠ፣ ዓለምን ከሚያጸናው ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ሹመት ነው የሚል እምነት ነው። ክብደቱ ያለው ሹመቱ ላይ ነው። ዳኛን አስቡ። ወደ ችሎት ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል፤ የሚነሣው ግን ለወንበሩ ነው። ያው ሰው ማታ ሰፈሩ ሲደርስ ጎረቤቱ ስለ አጥር ይሟገተዋል። ሲሞትም ወንበሩ አብሮት አይቀበርም፤ ሌላ ይቀመጥበታል። እንግዲህ የጥንት ምስል ስትመለከቱ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ማን ተቀምጧል፣ ማን ቆሟል የሚለውን ነው።

ከግብፅ እንጀምር። ዙፋኑ የአምላኩ የሆረስ ዙፋን ይባላል፤ በሕይወት ያለው ንጉሥ ሆረስ፣ የሞተው ደግሞ የሆረስ አባት የሆነው አምላክ ኦሳይረስ ነው። ዳግማዊ ራምሴስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአቡ ሲምበል ካስፈለፈለው ቤተ መቅደስ ውስጥ ራምሴስ ለራምሴስ መሥዋዕት ሲያቀርብ የሚያሳዩ ቅርጾች አሉ። ተንታኛችን ይህን ቢያይ «እብሪት!» ይል ነበር። በእኔ ንባብ ግን ቆሞ የሚያቀርበው ሰውየው ነው፤ ተቀብሎ የሚመሰገነው ወንበሩ ነው። አንዳንዶቹ ቅርጾች ላይ ደግሞ እንደ አምላክ የተመለከው ራምሴስ በኋላ ተጨምሮ በአማልክቱ መካከል የገባ መሆኑ ከድንጋዩ እርማት ይታወቃል። ቀራጩ ቦታ ለማግኘት መጨናነቁ ያስታውቃል። ሹመቱ በንጉሡ የሕይወት ዘመን እያደገ ሊሄድ ይችል ነበር ማለት ነው፤ ግብፅን ብቻ እንኳ ብንወስድ አንድ ወጥ ነገር አልነበረም።

ምስሉ ሕዝቡን ለማታለል ተሠራ የሚለው ክርክር ደግሞ አንድ ቀላል ጥያቄ አይመልስም፤ ለማታለል ከሆነ ማን አይቶት? በአቡ ሲምበል ውስጠኛው ክፍል አማልክቱ ፕታሕ፣ አሙን ራ፣ የተመለከው ራምሴስና ራ ሆራኽቲ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወደዚያ የሚገባው ካህን እንጂ ገበሬ አልነበረም። የፊት ለፊቱ ግዙፍ ሐውልቶች ጉዳይ ሌላ ነው፤ 20 ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው፣ በኑቢያ ምድር በአባይ ዳር የቆሙ ናቸውና ማስፈራራት አልነበረበትም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን በጨለማ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ሥዕል የተሠራው ለተመልካች አልነበረም። መሥዋዕቱ እንዳይቋረጥ፣ ሥርዓቱ እንዲጸና ሥራ የሚሠራ ምስል ነው። ይህን ያልያዘ ሰው የግብፅን ሥነ ጥበብ የምርጫ ፖስተር አድርጎ ያነበዋል።

ሕዝቡስ? ስለ ገበሬው እምነት የምናውቀው ጥቂት ነው፤ የተረፈልን ድንጋይና የጸሐፊዎች ብራና መሰል ፓፒረስ ነው፤ ሁለቱም የባለሥልጣን ወይም የባለሙያ እጅ ናቸው። ስለ ባለሙያዎቹ ግን ደኅና ምስክር አለን። በሣልሳዊ ራምሴስ 29ኛ የንግሥና ዓመት በዴር ኤል መዲና የሚኖሩት፣ የንጉሡን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚስሉ ሠራተኞች የእህል ደመወዛቸው ስለዘገየ ሥራ አቁመው ከቤተ መቅደስ ጀርባ ሄደው ተቀመጡ። ዛሬ ቱሪን በሚገኘው ፓፒረስ ላይ አቤቱታቸው ተመዝግቧል፤ የመጣነው በረሃብና በጥም ነው፣ ልብስ የለንም፣ ቅባት የለንም፣ ዓሣ የለንም፣ አትክልት የለንም፣ ለጌታችን ለፈርዖን ላኩበት ይላል። እንግዲህ ንጉሡን ከአማልክት ጋር አስቀምጠው የሚስሉት እጆች እነዚሁ ናቸው። አልተታለሉም፤ እምነትም አላጡም። ወንበሩ ላይ ያለው ግዴታውን ይወጣ ነው ያሉት፤ ሥርዓት ማለት እህል በጊዜው መድረስን ይጨምራልና።

ወደ መስጴጦምያ ስንሻገር መቀመጫው ይገለበጣል። በሉቭር ሙዚየም ያለው የባቢሎን ንጉሥ የሐሙራቢ ሐውልት ከ2 ሜትር በላይ የሚረዝም ጥቁር ባሳልት ነው። ሁሉም የሚያወራው ከታች ስለተጻፉት ሕጎች ነው፤ እናንተ ግን ቀና ብላችሁ ጫፉን ተመልከቱ። የፍትሕ አምላክ ሻማሽ ባለ ቀንድ ዘውዱን ደፍቶ፣ ከትከሻው ብርሃን እየወጣ በዙፋን ተቀምጧል። ሐሙራቢ ቆሟል። እጁን ወደ አፉ አንሥቷል፤ ያ የጸሎት ምልክት ነው። በራሱ ላይ ያለው ተራ ቆብ ነው፣ ቀንድ የለውም። በዚያ አገር ሥዕል ቀንድ የአምላክነት መለያ ስለሆነ ይህ እንዲሁ የፋሽን ጉዳይ አይደለም። ወንበሩ የሻማሽ ነው፤ ንጉሡ ውክልና ተቀባይ ነው።

ቀንዱን የደፋ ንጉሥ ነበር፤ የአካዱ ናራም ሲን፣ በ23ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት። (ይህን የምለው በተለመደው፣ «መካከለኛ» በሚባለው የዘመን ስሌት ነው፤ ሌሎቹ ስሌቶች ዓመታቱን በአሥርተ ዓመታት ያንቀሳቅሷቸዋል።) በድል ሐውልቱ ላይ ከወታደሮቹ ሁሉ ገዝፎ፣ ባለ ቀንድ የራስ ቁር ደፍቶ ተራራ ይወጣል። በሰሜን ኢራቅ ባሴትኪ አጠገብ የተገኘ የመዳብ ሐውልት ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ይነግረናል። በአንድ ዓመት ዘጠኝ ጦርነት ካሸነፈ በኋላ የከተማው ሰዎች የከተማቸው አምላክ ይሆን ዘንድ አማልክቱን ለመኑ፣ ቤተ መቅደስም ሠሩለት። የንጉሡ የራሱ ቃል ስለሆነ የከተማው ሰዎች መለመናቸውን እንደ ወረደ አልቀበልም። ሆኖም አምላክነቱ ከሌሎች አማልክት ፈቃድ የሚጠየቅበት፣ የአንድ ከተማ አምላክነት መሆኑን ልብ በሉ። ከእርሱ በኋላ የኡር ከተማውን ንጉሥ ሹልጊን የመሳሰሉ ሞክረውታል፤ በመስጴጦምያ ግን ልማዱ አልጸናም።

አክሱምስ? ዒዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጻቸው ጽሑፎች ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ይላል፤ በግሪክኛው ማሕረም የጦርነት አምላኩ አሬስ ሆኗል። ልጁ ነኝ አለ እንጂ ማሕረም ነኝ አላለም። ከቤጃ ዘመቻ በኋላም ለዚሁ አምላክ 1 የወርቅ፣ 1 የብርና 3 የነሐስ ሐውልት ማቆሙን ይናገራል፤ ውለታ ከፋይ ነው። ወንበሩ ደግሞ እዚህ ምሳሌ መሆኑ ይቀራል፤ የአክሱም ነገሥታት በድል ጊዜ የድንጋይ መንበር ያቆሙ ነበር፣ የመንበሮቹ መሠረት ዛሬም በከተማው ይታያል። ዒዛና መንበሩን በአንዱ ጽሑፍ ለአማልክቱ ለአስታር፣ ለብሔርና ለምድር አቆምኩ ይላል፤ ከተጠመቀ በኋላ ባስቀረጸው ግን በሰማይ ጌታ ኃይል አቆምኩ ይላል። በገንዘቡ ላይ ጨረቃና ክብ በነበረበት መስቀል ገባ። የማሕረም ልጅ የሚለውም ቀርቶ የእለ ዓሚዳ ልጅ የሚለው ብቻ ዘለቀ፤ እለ ዓሚዳ የሥጋ አባቱ ነው። አለመሸነፉን ግን አልተወም፤ በዚያው በክርስቲያናዊው ጽሑፍ ላይ በጠላት የማይሸነፍ መሆኑን ይነግረናል። ተንታኛችን የአክሱም ንጉሥ እንደ ፈርዖን ይመለክ ነበር ሲል ከእነዚህ የትኛውን አንብቦ እንደሆነ ቢነግረን ደስ ይለኛል።