«አብሽሪ፣ ሙቀቱ ነው»፦ ድሬ ላይ ለነፍሰ ጡር የሚነገሩ ነገሮችና እውነታው

ድሬዳዋ ላይ ለሕመም ሁሉ አንድ ጥፋተኛ አለ፤ ሙቀቱ። ራስ ሲያም ሙቀቱ፣ ሰውነት ሲዝል ሙቀቱ። ከከዚራ እስከ ሳቢያን ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ይህን ሳትሰማ አትውልም። ሙቀቱን ማን ይክዳል? ግን ያላደረገውንም እያላከክንበት ነው።

«እግርሽ ያበጠው በሙቀቱ ነው፣ አብሽሪ።» ግማሹ ልክ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት እግር ማበጥ የተለመደ ነው፤ ሙቀትም ያባብሰዋል። ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ራስ ምታት ከበረታ፣ ዓይን ብዥ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእርግዝና ግፊት፣ ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ነው። በዓይን አይለይም። ግፊት ይለካል፣ ሽንት ላይ ፕሮቲን መኖሩ ይታያል። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ምንም ያላበጠች ሴትም ሊይዛት ይችላል፤ እኛ ግን እብጠት ብቻ እንጠብቃለን። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚይዝ ሕመምም ምልክቱ ነው። እሱን ደግሞ «ጨጓራዬ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ካልታከመ ወደ ማንቀጥቀጥ ይሄዳል። ያኔ ሰው ክብሪት ይጭራል፣ ጂኒ ነው ይላል። ጸሎቱም ዱዓውም ይደረግ፤ ግን ባጃጅ ውስጥ ሆኖ፣ ወደ ሆስፒታል እየሄዱ። እዚያ የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለው መርፌ ማንቀጥቀጡን ያስቆማል፣ እንዳይደገምም ይረዳል። በሽታው የሚለቀው ግን በመውለድ ነው። መቼ የሚለውን ሐኪሙ የጽንሱን ዕድሜና የእናቲቱን ሁኔታ አይቶ ይወስናል። ከወለደች በኋላም ወዲያው አበቃ ማለት አይደለም፤ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ገንፎው እየተበላ «ራሴን፣ ራሴን» ያለች አራስ ግፊቷ ይለካ።

«የአይረን ኪኒን ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ይከብድሻል።» ስንቷ ነፍሰ ጡር ኪኒኑን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ትጥለዋለች! ኪኒኑ የሚተካው ደም ነው እንጂ ልጅ አያገዝፍም። በእርግዝና ጊዜ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ ከ11 በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ደም ማነስ ይባላል። ደም ያነሳት ሴት ስትወልድ ትንሽ ደም ቢፈሳት እንኳ ላትቋቋመው ትችላለች። ሰገራ ማጥቆሩ የኪኒኑ ጠባይ ነው፤ አያስደነግጥ። የኪኒኑን ሥራ የሚያበላሸው ሻዩ፣ ቡናውና ከቡና ገለባ የሚፈላው የሐረር ሆጃ ነው። አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዙት ከኪኒኑ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ። በብርቱካን ጭማቂ ቢዋጥ ይሻላል። ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ክብደቱ ያነሰ ልጅ ከመውለድ ጋርም ይያያዛል። በእኛ አገር ይህን መናገር ወዳጅ እንደማያበዛ አውቃለሁ።

«ወባ የገጠር በሽታ ነው፣ ትኩሳቱ የሙቀቱ ነው።» በ2014 ዓ.ም. ድሬ ከተማ ውስጥ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ከወረርሽኙ ጋር የተያያዘችው አዲሷ ትንኝ የምትራባው ውሃ በምናጠራቅምበት በርሜልና ታንከር ውስጥ ነው። ነፍሰ ጡር ካተኮሳት በዚያው ቀን ደሟ ይታይ።

ሽንት ሲያቃጥልም «ሙቀት ነው፣ ውሃ ጠጪ» ይባላል። ውሃው ይጠጣ፤ ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው። በእርግዝና ጊዜ ካልታከመ ወደ ኩላሊት ይወጣል፣ ምጥንም ያለጊዜው ሊያመጣ ይችላል። የሽንት ምርመራ ይበቃል።

እርጉዝ ላልሆኑትም ሁለት ነገር ልጨምር። «ማዮማ ካንሰር ነው፣ ማህፀን ይወጣል» የሚለው ብዙዎችን በፍርሃት ከሐኪም ያርቃል። ማዮማ ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ ነው። ሕመምም ደም መብዛትም ከሌለው በክትትል ብቻ ሊታለፍ ይችላል፤ ካረጡ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይሟሽሻል።

«ያልወለደችው እሷ ናት» የሚለው ደግሞ ትዳር አፍርሷል። ልጅ ካልመጣላቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የባልየውም እጅ አለበት። አንድ ዓመት ሞክረው ካልሆነ፣ ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ በ6 ወር፣ ሁለቱም አብረው ይመርመሩ። የወንዱ ምርመራ እንዲያውም ቀላሉ ነው፤ የዘር ፈሳሽ ናሙና ብቻ ነው የሚጠየቀው።