ልጁ ሲያየን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ስለ ልጅነት የሚተርኩ ልብ ወለዶች ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ አለ። ልጁ የሚያምነው ትልቅ ሰው ሲያጠፋ ያያል። ከዚያ ወዲያ ልጅነቱ አይመለስም። ወገኖቼ፣ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 2 እና 3ን ገልጣችሁ አንብቡ፤ ይኸው ታሪክ እዚያ አለ።

ብላቴናው ሳሙኤል ሴሎ ላይ፣ ካህኑ ዔሊ እጅ ነው ያደገው። እናቱ ሐና በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለታለች። የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስም እዚያው ናቸው። ሕዝቡ የመሥዋዕቱን ሥጋ ሲቀቅል ሎሌያቸው ሜንጦውን፣ ያን ባለ ጣት የሥጋ ማውጫ፣ ድስቱ ውስጥ ይሰዳል፤ ያወጣው ሁሉ የእነሱ ነው። እምቢ ያለውን ደግሞ በግድ እወስደዋለሁ ይለዋል። ሳሙኤል ያደገው በዚህ ደጅ ነው።

እግዚአብሔርም ልጁን ጠርቶ መጀመሪያ የነገረው በአሳዳጊው ቤት ላይ የሚመጣውን ፍርድ ነው። ምን ያህል ይከብዳል! እስኪነጋ ተኛ፤ ማልዶ ተነሥቶ የእግዚአብሔርን ቤት ደጅ ከፈተ፤ ለዔሊ መንገር ግን ፈራ።

ዔሊን ልጆቹን አልከለከለም ብለን እንወቅሰዋለን፤ ልክ ነው። ያን ጠዋት ያደረገውን ግን ዝም ብለን እናልፈዋለን። «ልጄ ሳሙኤል» ብሎ ጠራው። አንዳች እንዳይሸሽገው አስጠነቀቀው። ሲሰማም አልተቆጣም፤ «እርሱ እግዚአብሔር ነው፤ ደስ ያሰኘውን ያድርግ» አለ። ልጁ እውነት በመናገሩ አልተቀጣም።

እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አንድ ጠዋት ያየሁት ከልቤ አልወጣም። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ገና አልተገፈፈም። አንዲት እናት በርበሬ ገዝታ መልስ ተቀበለች። ልጇ ብሩን አየት አድርጎ፣ «እማዬ፣ ሴትዮዋ 100 ብር ጨምረው ሰጡሽ እኮ!» አላት። ክንዱን ቆንጠጥ አድርጋ ጎተተችው። ዝም አለ። አንገቱን እያዞረ ግን በርበሬ ሻጯን ደጋግሞ ያያቸው ነበር። ኑሮ እንዴት እንደከበደ አውቃለሁ፤ በእናቲቱም አልፈርድም። የሚያሳስበኝ ቁንጥጫው ነው። ልጁ ያን ቀን የተማረው እውነት እንደሚያስቀጣ ነው።

ልጆቻችን 7 ዓመት ሲሞላቸው ለንስሐ አባት እንዲናዘዙ እናስተምራቸዋለን። እኛስ በእነሱ ፊት «አጥፍቻለሁ ልጄ፣ ልክ ነህ» ብለን እናውቃለን?

ሳሙኤል አርጅቶ በሕዝቡ ፊት ሲቆም የማንን በሬ ወሰድሁ፣ ከማንስ እጅ ጉቦ ተቀበልሁ ብሎ ጠየቀ። ከማንም እጅ ምንም አልወሰድህም አሉት (12፥3-4)። ያ ሜንጦ ባለበት ደጅ ያደገ ልጅ ነው! የገዛ ልጆቹ ግን ጉቦ በሉ (8፥3)። ስለዚህ በአርአያነታችን ብቻ አንመካ፤ ስለ ልጆቻችን ስማቸውን እየጠራን እንጸልይ።

በእጃችን የሰው ብር ካለም በልጃችን እጅ እናስመልስ። የብሩ ባለቤት ስትመርቀው ይስማ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።