በእርግዝና ወቅት የሚሰጡ ክትባቶች፦ የሚባለውና እውነታው

«ነፍሰ ጡሮች በሙከራ ስላልተካተቱ ክትባቱ ምን እንደሚያደርስባቸው ማንም አያውቅም።» የአባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ትልልቅ የኮቪድ 19 ክትባት ሙከራዎች ነፍሰ ጡሮች አልተካተቱም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ክትባቱ መሰጠት በጀመረበት በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) «ቪ-ሴፍ» የተሰኘ በእጅ ስልክ የሚሞላ መጠይቅ ዘርግቶ የነበረ ሲሆን፣ ፈቃደኛ ነፍሰ ጡሮችንም ለብቻ መዝግቦ ተከታትሏል።

«ከተከተቡት ነፍሰ ጡሮች 82 በመቶው ጽንስ ጨነገፈባቸው።» ይህ ወሬ የተቀመረው ከዚሁ ክትትል ዘገባ በመሆኑ ስሌቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ዘገባ እርግዝናቸው የተጠናቀቀ 827 ሴቶች የነበሩ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 104ቱ ጽንስ ጨንግፎባቸዋል። ወሬውን ያስነሡት ሰዎች በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የተከተቡትን 700 ሴቶች ቀንሰው 104ን ለ127 አካፈሉ። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ተከትባ እርግዝናዋ በደኅና የቀጠለች ሴት በዚያን ጊዜ ገና አልወለደችምና ከ«ተጠናቀቁት» ጋር አትቆጠርም፤ እንዲህ ያሉት ደግሞ ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ፈተና በተጀመረ በሩብ ሰዓት ከአዳራሹ የወጡትን ብቻ ቆጥሮ «ተማሪው ሁሉ ፈተናውን አቋረጠ» እንደማለት ነው። ከእርግዝና በፊት ወይም እስከ 20ኛው ሳምንት የተከተቡ 2,456 ሴቶች በተከታታይ ሲታዩ፣ ዕድሜ ከግምት ገብቶ የተገኘው የመጨንገፍ መጠን 12.8 በመቶ ነበር፤ ይህም ክትባት ባልተሰጠበት ዘመንም የሚታየው ነው።

«ሪፖርት ከተደረገ ክትባቱ ያመጣው ነው።» በአሜሪካ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ቬርስ የተባለው፣ ከክትባት በኋላ የታየ የጤና ችግር የሚመዘገብበት ሥርዓት ከማንኛውም ሰው ሪፖርት ይቀበላል፤ ሪፖርቱም ጠቋሚ እንጂ ፍርድ አይደለም። ጥርጣሬው የሚፈተሸው በንጽጽር ሲሆን፣ ከ105,000 በላይ እርግዝናዎች በታዩበት የኮቪድ 19 ክትባት ጥናት ጽንስ በጨነገፈባቸውና እርግዝናቸው በቀጠለው ሴቶች መካከል በቅርቡ በመከተብ ረገድ ልዩነት አልተገኘም።

«እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ የተከተበች ሴት እርግዝናዋን ማቋረጥ አለባት።» የሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ) ክትባት ሕያው ሆኖ የተዳከመ ቫይረስ ስላለበት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ይህ ግን ጥንቃቄ ነው። ከ1971 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በስህተት የተከተቡ፣ በሽታውን የመከላከል አቅም ያልነበራቸው 321 ሴቶች ተመዝግበው ሲታዩ፣ ከሕፃናቱ አንድም በሩቤላ ሳቢያ የሚመጣ የአካል ጉድለት አልታየበትም።

በአገራችን «መካን ያደርጋል» ተብሎ የሚታማው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለነፍሰ ጡሮች ለአሥርት ዓመታት ሲሰጥ የቆየ ነው፤ ሐሜቱም ማስረጃ የለውም።

«ችግር ሲያጋጥም ማሳወቅ የሐኪም ሥራ ነው።» ሐኪሙ የሚያውቀው እናቲቱ ከነገረችው ነው። ከተከተበች በኋላ ትኩሳት ወይም ደም መፍሰስ የታየባት ነፍሰ ጡር ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ስትሄድም የክትባት ካርዷን ትያዝ፣ የተከተበችበትን ቀንና ያን ጊዜ ስንተኛ ሳምንቷ እንደነበረ ትናገር። የሳምንቱ ቁጥር ካልተመዘገበ ሪፖርቱን ከሌሎች ጋር ማነጻጸር አይቻልም።