የፖርቱጋል ጊታርና የፋዶ አጃቢነት ትምህርት

የፖርቱጋል ጊታር 12 የብረት ክሮች ያሉት፣ ክሮቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው በስድስት መደብ የተዘረጉለት፣ ክብ ሆዱ ወደ አንገቱ እየጠበበ የሚሄድ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ፋዶ በተባለው የሊስቦን የከተማ ዘፈን ውስጥ ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር የፋዶ ዘፋኝን የሚያጅቡት የፖርቱጋል ጊታር፣ ፖርቱጋሎች ቪዮላ የሚሉት ባለ ስድስት ክር ጊታር፣ ብዙ ጊዜም አንድ ቤዝ ናቸው። ቪዮላው ምቱንና ኮርዱን (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) ይዞ ይሄዳል፤ የፖርቱጋል ጊታር ግን መግቢያውን ይጫወታል፣ በስንኞቹ መካከል በተተወለት ክፍተት ለዘፋኙ ይመልሳል፣ ከድምፁ ሥርም ሌላ ዜማ ያስኬዳል። ስለዚህ መሣሪያውን በፋዶ ስልት የሚማር ሰው በዋነኛነት የሚማረው ማጀብን ነው። ቅኝቱም፣ የቀኝ እጅ ስልቱም፣ ዜማዎቹን በቃል መያዙም ለዚያ የሚያዘጋጁ ደረጃዎች ናቸው፤ ይህን ዘንግቶ በፈጣን የጣት ሥራ ብቻ የሚጠመድ ተማሪ ብዙ ዓመት ለፍቶም ከዘፋኝ አጠገብ ሲቀመጥ ይቸገራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያው በአውሮፓ የህዳሴ ዘመን ሲተርን ይባል ከነበረው ባለ ብረት ክር መሣሪያና፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ ጋር በነበረው ንግድ በኩል የፖርቱጋል ከተማ ፖርቶ ከደረሰው የእንግሊዝ ጊታር ይዛመዳል። አንቶኒዮ ዳ ሲልቫ ሌይቴ የተባለው የፖርቶ ሙዚቀኛ በ1796 ያሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ የተጻፈው ለዚያ የእንግሊዝ ዝርያ ሲሆን፣ በጊዜው መሣሪያው የባለጸጎች ሳሎን ጌጥ ነበር። ፋዶ በአንጻሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በሊስቦን የድሆችና የመርከበኞች ሰፈሮች፣ በመጠጥ ቤቶችና በጠባብ መንገዶች የተወለደ ዘፈን ነው፤ በሞራሪያ ሰፈር የኖረችውና ከ1820 እስከ 1846 በሕይወት የነበረችው ማሪያ ሴቬራ የዚያ ዘመን ታዋቂ ዘፋኝ ሆና ትታወሳለች። ጊታሩና ዘፈኑ ተገናኝተው የማይነጣጠሉ የሆኑት በዚያው ክፍለ ዘመን ሂደት ነው። በ1927 የወጣ የመንግሥት ድንጋጌ በሕዝብ ፊት የሚጫወት ሁሉ የሙያ ፈቃድ እንዲይዝ ስላስገደደ፣ ግጥሞችም በሳንሱር እንዲያልፉ ስላደረገ፣ ፋዶ ቀስ በቀስ ወደ ቋሚ የፋዶ ቤቶች ገባ፤ ጊታር ተጫዋችነትም ደመወዝ የሚከፈልበት የሌሊት ሥራ ሆነ። ዩኔስኮ ፋዶን በኅዳር 2011 በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል።

ተማሪው ገና ከጅምሩ የሚገጥመው ምርጫ የሊስቦን ወይስ የኮይምብራ ጊታር የሚለው ነው። የሊስቦኑ አጠር ያለ ሲሆን፣ ከድልድዩ እስከ አንገቱ ጫፍ ያለው የሚርገበገበው የክር ርዝመት ወደ 44 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ራሱ በቀንድ አውጣ ቅርጽ በተጠቀለለ ጌጥ ያልቃል፤ ድምፁ ብሩህና ስል ነው። የኮይምብራው ወደ 47 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ የራሱ ጌጥ የእንባ ጠብታ ነው፤ በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ስለሚቃኝም ድምፁ ጠቆር ያለና ጥልቅ ነው። ልዩነቱ ከእንጨት ሥራ ያልፋል። በኮይምብራ ፋዶ የዩኒቨርሲቲው ከተማ ባህል ነው፤ ጥቁር ካባ የለበሱ ተማሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች ይዘፍኑታል፣ በአሮጌው ካቴድራል ደረጃዎች ላይ የሚደረገው የሌሊት ሰሬናታ ዝነኛ ነው፣ ብቻውን የሚጫወት ጊታርም ሰፊ ቦታ አለው። የሊስቦን ፋዶን ማጀብ የሚፈልግ ሰው የሊስቦን ጊታር ይዞ ቢጀምር ይሻላል፤ የእጅ ልምዱ፣ ዜማዎቹም፣ አብረውት የሚጫወቱት ሰዎችም በዚያ ቅኝት ናቸውና።

የሊስቦን ቅኝት ከወፍራሙ መደብ ወደ ቀጭኑ ሬ፣ ላ፣ ሲ፣ ሚ፣ ላ፣ ሲ ነው፤ የኮይምብራው ዶ፣ ሶል፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ሦስቱ ቀጫጭን መደቦች ሁለቱም ክሮቻቸው አንድ ዐይነት ድምፅ ይዘው ይቃኛሉ፤ በሦስቱ ወፍራም መደቦች ላይ ግን ከወፍራሙ ክር ጎን ያለው ቀጭን ክር አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ስምንት ድምፅ፣ ከፍ ይላል። ተራ ጊታር የሚችል ሰው እዚህ ላይ የለመዳቸውን የኮርድ አያያዞች ትቶ እንደ አዲስ መጀመር አለበት፤ ምክንያቱም አንደኛውና ሁለተኛው መደብ የሚራራቁት በአንድ ሙሉ ድምፅ ብቻ ነው። ይህ ቅርበት መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፤ ሲለመድ ግን ለዚህ መሣሪያ ዜማ ልዩ ቀለም የሚሰጡትን ፈጣን ጌጦችና ተቀራርበው የሚሰሙ ድምፆች በአንድ የእጅ ቦታ ለማውጣት የሚያስችለው እርሱ ነው።

መቃኘቱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በመሣሪያው ራስ ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ የብረት ሳህን አለ፤ በላዩ 12 ብሎኖች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ብሎን ሲዞር ክሩ የተንጠለጠለበትን ትንሽ መንጠቆ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይስባል። አሠራሩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው የለንደኑ ሠሪ ፕሬስተን ስም ጋር ተያይዞ የሚታወቅ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ብሎኖቹ የሚዞሩት በትንሽ ቁልፍ ነበር። መንጠቆው የሚጓዘው አጭር ርቀት ስለሆነ የክሩ ልክ በጥንቃቄ መመተር አለበት። ክሩ በሁለቱም ጫፍ ዙር ያስፈልገዋል፤ አንዱ ዙር ተጠማዝዞ የመጣ ቢሆንም ሌላውን ተጫዋቹ ራሱ በልኩ ቆርጦ ይጠመዝዛል። ዙሩ ረጅም ከሆነ መንጠቆው መጨረሻው ድረስ ተስቦም ክሩ ይላላል፤ አጭር ከሆነም ጭራሽ አይደርስም። ጥሩ መምህር ተማሪውን ይህን ሥራ ቀድሞ ያለማምደዋል፤ ተጣማሪዎቹ ክሮች በጥቂቱ እንኳ ከተለያዩ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ያንን መንቀጥቀጥ ሰምቶ የሚያስተካክል ጆሮ ካልተፈጠረም የቀረው ትምህርት መሠረት አይኖረውም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደው የቀኝ እጅ ሥራ ነው። ተጫዋቹ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ላይ ሰው ሠራሽ ጥፍር ያስራል፤ ድሮ ከኤሊ ቅርፊት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ በአብዛኛው ከፕላስቲክና ከመሰል ጠንካራ ነገሮች ይሠራል። ጥፍሩ እንደ ጣቱ ቅርጽ ተሞርዶ በተፈጥሮው ጥፍር ላይ ይቀመጥና በቀጭን ፕላስተር ይጠመጠማል፤ ክሩን የሚነካው የጥፍሩ ጠርዝ እንጂ የጣት ሥጋ አይደለም። ሥራ የሌላቸው ጣቶች ከክሮቹ በታች በመሣሪያው ፊት ላይ አርፈው እጁን ያጸኑታል። ዴዲሉ የሚባለው ዋና ስልት አንዱን ሌባ ጣት ብቻ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ እያመላለሱ ዜማውን ማውጣት ነው። ሌላው ፊጌታ ሲሆን አውራ ጣትና ሌባ ጣት እየተፈራረቁ ይመታሉ።

ዴዲሉ በጽሑፍ ሲገለጽ ቀላል ይመስላል። ችግሩ የሚታወቀው ተማሪው አንድን ድምፅ ደጋግሞ ሲመታና በሚሄደውና በሚመለሰው ምት መካከል ያለውን ልዩነት ሲሰማ ነው። ጣት ወደ ውጪ ሲወጣ ከጥንዱ አንደኛውን ክር ቀድሞ ያገኛል፣ ሲመለስ ደግሞ ሌላውን፤ በወፍራሞቹ መደቦች ላይ ወፍራሙን ወይም ቀጭኑን ክር ማስቀደም የድምፁን ቀለም ይለውጠዋል። ሁለቱ ምቶች በጉልበትም በቀለምም እንዲስተካከሉ የሚደረገው ልምምድ እጅግ ዝግ ብሎ ይጀመራል፤ ፍጥነት የሚጨመረው ድምፁ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ነው። ይህን ደረጃ ዘልሎ ወደ ፈጣን ቁርጥራጭ ዜማዎች የሮጠ ተማሪ ጨዋታው ሁልጊዜ የሚንተፋተፍ እንደሚመስል አምናለሁ፤ በኋላ ለማረም ከመጀመሪያው ከመማር የበለጠ ድካም ይጠይቃል።

የግራ እጅ ሥራ በበኩሉ የዘፋኝን ጉሮሮ መከተል ነው። ክሮቹ ብረት ናቸው፤ ጥንድ ስለሆኑም ጣቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ክር ይጫናል፣ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የጣት ጫፍ ይቆስላል፣ ከዚያ ይጠነክራል። ከአንዱ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ከተተከለው የብረት መስመር) ወደ ሌላው መንሸራተትና ድምፁ ሳይሞት ጣትን እያንቀጠቀጡ ማስለቀስ የፋዶ ዋና ጌጦች ናቸው። ሆኖም ጌጥ በየቦታው ሲበዛ ዋጋው ይወድቃል፤ ጥሩ ተጫዋቾችን የሚለያቸው የት እንዳላስገቡት ነው።

ዜማዎቹን በተመለከተ፣ ትምህርቱ ዘወትር የሚጀምረው በሦስቱ መሠረታዊ ፋዶዎች ነው፦ ፋዶ ኮሪዶ፣ ፋዶ ሞራሪያና ፋዶ ሜኖር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሜጀር፣ ሦስተኛው በማይነር ይሄዳሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ኮርድ በመሠረቱ ሁለት ብቻ ነው። ይህን ሲሰሙ ቀላል ናቸው ብለው የሚያልፏቸው ሰዎች ይሳሳታሉ። ባህላዊ ፋዶ የሚባለው በርካታ ግጥሞች የሚዘፈኑበት የታወቀ ዜማ ነው፤ አንዱ ዘፋኝ ባለ አራት ስንኝ፣ ሌላው ባለ አምስት ወይም ባለ ስድስት ስንኝ አንጓዎችን ይዞ ይመጣል፤ እያንዳንዱም ዜማውን በራሱ መንገድ እየለወጠ ይዘፍናል። ሁለት ኮርድ ላይ የተቀመጠ ፋዶ ለዘፋኙ ሰፊ ሜዳ ይሰጣል፣ ለአጃቢውም እንዲሁ፤ የሚደገፉበት የተጻፈ ነገር ስለሌለ የተጫዋቹ አቅም ራቁቱን የሚታየው በእነዚሁ ላይ ነው።

በፋዶ ቤት የሚሆነውን ማየት ትምህርቱ ለምን እንዲህ እንደሆነ ያስረዳል። መብራት ይቀነሳል፣ አስተናጋጆች ምግብ ማመላለስ ያቆማሉ፣ ታዳሚው ዝም ይላል። ዘፋኟ ወደ ተጫዋቾቹ ጎንበስ ብላ የፋዶውን ስምና ኪውን (ዜማው የሚመሠረትበትን ድምፅ) በሹክሹክታ ትናገራለች፤ ልምምድ አልተደረገ ይሆናል፣ አንዳንዴም ከዚያ ሌሊት በፊት አብረው ተጫውተው አያውቁም። ያው ፋዶ ትናንት በላ ማይነር ተዘፍኖ ዛሬ በሚ ማይነር ሊጠየቅ ይችላል፤ ጊታሪስቱም ሳይቆም መግቢያውን በአዲሱ ኪ መጀመር ይጠበቅበታል። ከዚያ በኋላ የሚያየው የዘፋኟን ጀርባ ነው፤ ትከሻዋ ሲነሣ ትንፋሽ እየሳበች እንደሆነ ያውቃል፣ ስንኙን ስታዘገይ እርሱም ይዘገያል፣ በመጨረሻው አንጓ ላይ ድምፁን አንጠልጥላ ስትቆም ሁሉም አብረው ይቆማሉ። ዘፋኟ ቃላቱን እየተናገረች ሳለ የሚሮጥ ጊታር ግጥሙን ይሸፍናል፤ በፋዶ ውስጥ ከዚህ የከፋ ጥፋት ጥቂት ነው። ስለዚህ ፖርቱጋልኛ የማያውቅ ተማሪ ቢያንስ የሚያጅባቸውን ግጥሞች ትርጉም ማወቅ አለበት፤ ስንኙ የት እንደሚያልቅ ካልገባው የት እንደሚመልስም አያውቅም።

ይህ የአጃቢነት ጥበብ በትውልዶች የተገነባ ነው። አርማንዲኖ በሚባል ስም የታወቀው የሊስቦኑ ጊታሪስት (1891–1946) ጊታሩ ለዘፋኙ የሚመልስበትን መንገድ ካበለጸጉት ቀዳሚው ሲሆን፣ ሸክላዎቹ ዛሬም የማስተማሪያ ምንጭ ናቸው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ዣይሜ ሳንቶስ፣ ዦዜ ኑኔስ፣ ራውል ኔሪና ፎንቴስ ሮቻ አማሊያ ሮድሪጌስን ጨምሮ የዘመኑን ታላላቅ ዘፋኞች አጅበዋል። ራውል ኔሪ በ1959 ያቋቋመው ቡድን ሁለት የፖርቱጋል ጊታር፣ አንድ ቪዮላና የዦኤል ፒና ቤዝ ነበሩት፤ ሁለት ጊታሮች ሳይጋጩ እንዴት ቦታ እንደሚከፋፈሉ መማር ለሚፈልግ የዚያን ቡድን ቅጂዎች ከማዳመጥ የተሻለ ነገር አላውቅም። በኮይምብራ በኩል አርቱር ፓሬዴስ ከሠሪዎች ጋር ሆኖ የከተማውን ጊታር ድምፅ አጎለበተ፤ ልጁ ካርሎስ ፓሬዴስ (1925–2004) ደግሞ መሣሪያውን ለብቻው በመድረክ ላይ አቆመ። ካርሎስ ረጅም ዘመን በሊስቦን ሆስፒታል በጽሕፈት ሥራ እየተዳደረ ኖሯል፤ በአምባገነኑ መንግሥት ዘመን በፖለቲካ አቋሙ ታስሯል። ሥራዎቹ ብዙ ወጣቶችን ወደ መሣሪያው ስበዋል፤ ሆኖም የእርሱ መንገድ የብቸኛ ተጫዋች መንገድ ስለሆነ ማጀብን ከእርሱ ሥራዎች ብቻ መማር አይቻልም።

ለረጅም ጊዜ ትምህርቱ የሚተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ ነበር፤ ወጣቱ በፋዶ ቤት ጥግ ተቀምጦ የታላላቆቹን ጣቶች ያያል፣ ቤቱ ሄዶ ይሞክራል፣ ብዙዎቹም አስቀድመው ቪዮላ ይጫወታሉ። አሁን በሊስቦን አልፋማ ሰፈር በ1998 የተከፈተው የፋዶ ሙዚየም የጊታር ትምህርት ይሰጣል፤ በካስቴሎ ብራንኮ በሚገኘው የተግባር ጥበባት ከፍተኛ ትምህርት ቤትም በፖርቱጋል ጊታር ዲግሪ መያዝ ይቻላል፤ ጊታሪስቱ ኩስቶዲዮ ካስቴሎ በዚያ አስተምሯል። ለዘመናት የወንዶች ብቻ በነበረው በዚህ ሙያ ማርታ ፔሬይራ ዳ ኮስታን የመሳሰሉ ሴቶች መግባታቸውም የትምህርቱ በር መስፋቱን ያሳያል። ትምህርት ቤቶቹ ኖታ ማንበብን፣ ንድፈ ሐሳብንና የተሟላ የእጅ ልምምድን ጨምረዋል፤ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። የፋዶ ቤቱን ሌሊት ግን አልተኩትም።

ከፖርቱጋል ውጪ ያለ ተማሪ ዋና እጦቱ ዘፋኝ ነው። መሣሪያ በእጅ ከሚሠሩ ሠሪዎች ማዘዝ ይቻላል፤ የግራሲዮ ቤተሰብ ለትውልዶች ያቆየው የሠሪነት ሙያ በዛሬዎቹ ሠሪዎችም ቀጥሏል፤ ርካሽ ሆኖ ክሮቹ ከአንገቱ በጣም የራቁበት ወይም ፍሬቶቹ የተዛነፉበት መሣሪያ ግን ጆሮንም እጅንም ያበላሻል። በመቅጃዎች እየታገዙ ከድሮ ሸክላዎች ጋር መጫወት ይጠቅማል፣ በተለይ መግቢያዎችን በጆሮ ለመልቀም። ነገር ግን የተቀዳ ዘፋኝ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው የሚተነፍሰው፤ ተማሪውም ያንን ቦታ በቃሉ ይይዘዋል እንጂ መጠበቅን አይማርም። ስለዚህ ፋዶ የማያውቅ ቢሆን እንኳ የሚዘፍን ሰው ፈልጎ ፋዶ ሜኖርን ማስተማር፣ ቪዮላ የሚይዝ ሦስተኛ ሰውም መጨመር፣ ያንኑ ዜማ በየሳምንቱ በተለያየ ኪ መጫወት ብቻን ከሚደረግ ረጅም ልምምድ ይበልጣል። ወደ ሊስቦን የመሄድ ዕድል የገጠመው ደግሞ አማተሮች በፈቃዳቸው የሚዘፍኑባቸውን የፋዶ ቫዲዮ ምሽቶች ቢያዘወትር መልካም ነው፤ በእነዚያ ምሽቶች ጊታሪስቱ ያልጠበቀው ሰው ከጠረጴዛ ተነሥቶ ያልጠበቀውን ኪ ይጠይቀዋል።